ራም፣ ኤስኤስዲና ግራፊክስ ካርድ ከተጨመረለት በኋላ ድንገት የሚጠፋ አሮጌ ኮምፒውተር

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ብርሃን የሰርግና የምረቃ ቪዲዮ እያቀናበርኩ የምተዳደር ሰው ነኝ። የምሠራበት ኮምፒውተር ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ሲሆን፣ ፕሮሰሰሩ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ኮር አይ5 3470፣ ፓወር ሰፕላዩ (ለክፍሎቹ ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን) ደግሞ 240 ዋት ነው። ስገዛው 4 ጊጋ ራም (በሥራ ላይ ያለውን መረጃ ለጊዜው የሚይዝ ማስታወሻ) እና አንድ ሃርድ ዲስክ ብቻ ነበረው፤ በዚያ ይዞታው ሁለት ዓመት ያህል ሳያስቸግረኝ ሠርቻለሁ። ከሁለት ወር በፊት ግን ሥራው እየከበደው ስለመጣ በአንድ ቀን ሦስት ነገር አስጨመርኩለት፦ ከነባሩ ራም ጎን 8 ጊጋ፣ 240 ጊጋ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማከማቻ)፣ እንዲሁም ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ግራፊክስ ካርድ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሰላም የለኝም። አንዳንድ ጊዜ ቪዲዮ ሬንደር እያደረገ (ያቀናበርኩትን ወደ መጨረሻው ፋይል እየለወጠ) ሳለ ሶኬቱ የተነቀለ ይመስል ድርግም ብሎ ይጠፋና ራሱ መልሶ ይነሣል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ምንም ከባድ ሥራ ሳልሰጠው፣ ጽሑፍ እየጻፍኩ ሳለሁ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፤ የሚጽፈውም አንዴ «ሜሞሪ ማኔጅመንት»፣ አንዴ «ፔጅ ፎልት ኢን ነንፔጅድ ኤሪያ» ነው። ዊንዶውስ ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ ጭኛለሁ፤ ለውጥ የለም። ያሳየኋቸው አንድ ባለሙያ ማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ) ሞቷል ሲሉኝ ሌላው ቫይረስ ነው አሉኝ። የቤተሰቤ እንጀራ በዚህ ማሽን ላይ ስለሆነ፣ ሌላ ዕቃ ከመግዛቴ በፊት ምርመራውን ከየት መጀመር እንዳለብኝ ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

የመጀመሪያው ምላሽ

እንደ ገለጻዎ ከሆነ የገጠመዎት አንድ ችግር ሳይሆን ሁለት ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ባለሙያዎቹም ያልተስማሙት ሁለቱን እንደ አንድ ስላዩአቸው ይመስለኛል። ሰማያዊ ስክሪን ማለት ዊንዶውስ ስሕተት አግኝቶ፣ መዝግቦ፣ ከዚህ በላይ ብቀጥል ጉዳት ይደርሳል ብሎ ራሱ ሥራውን ያቆመበት ሁኔታ ነው። ያለ ምንም መልእክት ድርግም ማለት ግን አብዛኛውን ጊዜ ዊንዶውስ ለመመዝገብ እንኳ ፋታ ሳያገኝ ኃይል እንደተቋረጠበት ያመለክታል።

ይህን በግምት ሳይሆን በመዝገብ ማረጋገጥ ይችላሉ። ኢቨንት ቪውወርን (የዊንዶውስን የክስተት መዝገብ የሚያሳየውን ፕሮግራም) ከፍተው፣ ዊንዶውስ ሎግስ ከሚለው ሥር ሲስተም የሚለውን መርጠው፣ «ከርነል ፓወር» የሚል ስምና 41 የሚል ቁጥር ያለውን መዝገብ ይፈልጉ። ይህ መዝገብ ኮምፒውተሩ በአግባቡ ሳይዘጋ በተነሣ ቁጥር የሚጻፍ ስለሆነ ብቻውን የሚናገረው ነገር የለም፤ ብዙ ሰው ግን «ፓወር» የሚለውን ቃል ብቻ አይቶ ደኅና የነበረውን ፓወር ሰፕላይ ይቀይራል። ቁም ነገሩ ዲቴይልስ በሚለው ገጽ ላይ «በግቼክ ኮድ» (የሰማያዊው ስክሪን ስሕተት መለያ) ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። 26 ከሆነ ሜሞሪ ማኔጅመንት፣ 80 ከሆነ ፔጅ ፎልት፣ 278 ከሆነ የግራፊክስ ካርዱ ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) ምላሽ አልሰጠም፣ 292 ከሆነ ደግሞ ሃርድዌሩ ራሱ ስሕተት አሳውቋል ማለት ነው። 0 ሆኖ ካገኙት ሰማያዊ ስክሪን ጨርሶ አልተመዘገበም፤ ያን ጊዜ ወደ ኃይሉ ፊትዎን ያዙሩ።

ቀጥሎ ግራፊክስ ካርዱን ያውጡት። ፕሮሰሰርዎ የራሱ ግራፊክስ ስላለው ስክሪኑን ከማዘርቦርዱ ጋር አገናኝተው መሥራት ይችላሉ። ከዚያ በኋላ ድርግም ማለቱ ቀርቶ ሰማያዊው ስክሪን ከቀጠለ ሁለቱ ችግሮች ተለያዩልዎት ማለት ነው። ለሰማያዊው ስክሪን ሜምቴስት 86 ፕላስን በፍላሽ ጭነው፣ ከዊንዶውስ ውጭ አስነሥተው ራሙን ይፈትሹ፤ መጀመሪያ ሁለቱንም አንድ ላይ፣ ከዚያ አንድ በአንድ፣ ስሕተት ያሳየውን ደግሞ ቦታውን ቀይረው። ስሕተቱ ራሙን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የራሙ ነው፤ ራሙ ተቀይሮ ስሕተቱ እዚያው ቦታ ላይ ከቀረ የማዘርቦርዱ ነው። ከመፈተሽዎ በፊት የራሙን ጥርሶች በላጲስ ቀስ ብለው ጠርገው በደንብ እስኪቀመጥ ድረስ ይጫኑት፤ ይህ ብቻውን መፍትሔ የሆነበትን ጊዜ በጥገና ሥራዬ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ስለ ኃይሉ፣ ፕሮሰሰሩ እስከ 77 ዋት፣ ካርዱ እስከ 75 ዋት ይወስዳሉ፤ ሬንደር ሲደረግ ሁለቱም አንድ ላይ ይሠራሉ። በዚያ ላይ ማዘርቦርዱ፣ ዲስኮቹና ፋኑ ሲጨመሩ ወደ 190 ዋት ይጠጋል። በወረቀት ላይ 240 ይበቃል፤ ነገር ግን 240 የሁሉም መስመሮች ድምር እንጂ ፕሮሰሰሩና ካርዱ የሚጠቀሙበት የ12 ቮልት መስመር ብቻ አይደለም። ከአሥር ዓመት በላይ የሠራ ፓወር ሰፕላይም እንደ አዲሱ አይሸከምም።

ሁለተኛ ምላሽ

በተባለው ሁሉ እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን ከሁሉም መቅደም አለበት። ራም በተጠረጠረበት ማሽን ላይ የደንበኛ ቪዲዮ አይገልብጡ፣ አይቁረጡም። የተበላሸ ራም ኮምፒውተሩን ከማጥፋት አልፎ በእርሱ በኩል የሚያልፈውን ፋይል ምንም ሳያሳውቅ ሊያበላሽ ይችላል። ሁለት ጊዜ የጫኑት ዊንዶውስም በዚያው ራም በኩል ስላለፈ፣ ችግሩ ከተፈታ በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ እንዲጭኑት እመክራለሁ። ኦሪጅናሎቹን ካሜራው ካርድ ላይ ወይም ሌላ ዲስክ ላይ ያቆዩ።

ፓወር ሰፕላይ ለመቀየር ሲወስኑ ደግሞ ኬዙን ከፍተው ወደ ማዘርቦርዱ የሚገባው ገመድ ባለ 24 ፒን መሆኑን ይመልከቱ። አንዳንድ የቢሮ ኮምፒውተሮች የራሳቸው የተለየ መሰኪያ ስላላቸው ከገበያ የሚገዛው አይገጥምላቸውም፤ በቀጫጭኖቹ ሞዴሎች ላይ የካርዱ ሶኬት ሙሉውን 75 ዋት ላይሰጥ ይችላል። አቧራውን ማጥራትና ደርቆ ከሆነ ቴርማል ፔስቱን (የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈውን ቅባት) መቀየርም አይዘንጋ።

ከጠያቂው

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መዝገቡን ስከፍት ልክ እንደተባለው ሁለት ዓይነት ሆኖ አገኘሁት፤ ሬንደር ላይ የጠፋባቸው ሁሉ 0፣ የቀሩት 26 እና 80 ናቸው። ካርዱን ካወጣሁ በኋላ በአራት ቀን ውስጥ አንድም ጊዜ ድርግም አላለም፤ ሰማያዊው ስክሪን ግን ሁለት ጊዜ መጣ። ሜምቴስት ሁለቱ ራሞች አብረው እያሉ ገና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቀይ መስመሮች አሳየ። ነባሩ 4 ጊጋ ለብቻው ሌሊቱን ሙሉ ንጹሕ ነበር፤ የመጀመሪያው ሌሊት ላይ መብራት ስለጠፋ እንደገና ከዜሮ ጀምሬዋለሁ። 8 ጊጋው በሁለቱም ቦታ ስሕተት ስላሳየ የሸጠልኝ ሰው ውጤቱን በስልክ አንሥቼ ሳሳየው ቀየረልኝ፤ አዲሱም ንጹሕ ሆነ።

ፓወር ሰፕላዬ ባለ 24 ፒን በመሆኑ አንድ ወዳጄ ባለ 400 ዋቱን አውሶኝ፣ ካርዱን መልሼ ሦስት ሰዓት ሬንደር ሳደርግ ምንም አልሆነም። ለማረጋገጥ አሮጌውን ስመልሰው በሃያ ደቂቃ ውስጥ ጠፋ። አሁን አዲስ ገዝቼ ዊንዶውስንም እንደ አዲስ ጭኛለሁ። የቀረኝ ጥያቄ 4 እና 8 ጊጋ አብረው መቀመጣቸው ጉዳት አለው ወይ የሚለው ነው።

የመጨረሻ ምላሽ

ፍተሻውን አብረው ካለፉ ጉዳት የለውም። የእርስዎ ፕሮሰሰር በሁለት ቻናል (ፕሮሰሰሩ ከራሙ ጋር በሚገናኝባቸው መስመሮች) ላይ የተቀመጡ እኩል ያልሆኑ ራሞችን የሚያስተናግድበት መንገድ አለው፦ ከ8ቱ 4ቱን ከነባሩ 4 ጋር አጣምሮ በሁለት ቻናል ይጠቀምና የቀረውን 4 ጊጋ በአንድ ቻናል ያሠራዋል። ፍጥነታቸው ከተለያየ ሁለቱም በዝቅተኛው ይሄዳሉ። በተለያየ ቻናል ላይ መቀመጣቸውን ከማዘርቦርዱ ማኑዋል ያረጋግጡና ሁለቱን አንድ ላይ አንድ ሌሊት በሜምቴስት ያሳድሯቸው፤ ለየብቻ የፈተሿቸው እንጂ አዲሱንና ነባሩን አብረው አልፈተሿቸውምና።