በአፋን ኦሮሞ አንድ መዝሙር ብንዘምር አንድነታችን ይፈርሳል?

የፒያሳዋ ዘማሪት
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ደብር፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ አገለግላለሁ። ለዓመታዊው ንግሥ እያጠናን ነው። ከወለጋና ከአርሲ የመጡ ልጆች «አንዱን መዝሙር በአፋን ኦሮሞ እንዘምር» ብለው ጠየቁ። እኔ ደስ ነው ያለኝ። ጥናት ላይ ግን ነገሩ ተካረረ። «ዛሬ አንድ መዝሙር፣ ነገ ለብቻችን እንሁን ትላላችሁ» ያለ ሰው አለ። ከበሮ የምትመታው ልጅ እያለቀሰች ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። እንቅልፍ ነው ያጣሁት። ሳንከፋፈል እንዴት እናስኬደው? በእናንተ ደብር ተሞክሯል?

የዜማ ተማሪ
እህቴ፣ መጀመሪያ ልጅቷን ሄዳችሁ ጠይቋት። ሌላው ይደርሳል።

ቤተ ክርስቲያናችን እኮ በአንድ ዓይነት ዜማ ብቻ ኖራ አታውቅም። ቅዳሴውን እንኳ ብናይ የሰለልኩላው ዜማ አለ፣ የደብረ ዓባዩ ዜማ አለ። ድጓ ላይ፣ ማለትም የያሬድ የዜማ መጽሐፍ ላይ ስትመጪ፣ ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብር እያለ የዜማ ቤቱ (ትምህርት ቤቱ) ይቀጥላል። በጽናጽልና በከበሮ የሚዘመመው አቋቋምም የጎንደሩና የተጉለቱ ይለያያል። ተማሪዎች «የእኛ ቤት ይበልጣል» ብለው ሲሟገቱ ያድራሉ። ጠዋት ግን ከአንድ መንበር ይቆርባሉ። ሁሉም የያሬድ ልጅ ነኝ ባይ ነው። ዜማው በመለያየቱ የተከፈለ ሃይማኖት የለም።

ከአራት ኪሎ
ወንድሜ ያልከው እውነት ነው። ግን የፈሩትንም ሰዎች እንረዳቸው። ጥር 2015 ዓ.ም. ላይ፣ በኦሮሚያ የቋንቋ ጥያቄ ተነሥቶ ያለ ሲኖዶሱ ፈቃድ ጳጳሳት ተሾሙ ተብሎ አባቶች ሲለያዩ የሆነውን ሁላችንም አይተናል። በጾመ ነነዌ ጥቁር ለብሰን ነው ያለቀስነው። ያ ቁስል ገና አልሻረም። ስለዚህ ድንገት ንግሥ ላይ አታሰሟቸው። ግጥሙን ከአማርኛ ትርጉሙ ጋር ጻፉና ለሰበካ ጉባኤው አስገቡ። መምህራን ይዩት። ምእመኑ የሚዘመረውን ሲያውቅ ጥርጣሬው ይቀንሳል። ብትከለከሉም አትኩርፉ፣ ደግማችሁ ጠይቁ።

የልጆች እናት
ልጄ፣ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን አንብቢላቸው። ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ «መበለቶቻችን በዕለቱ ምግብ ተዘነጉ» ብለው አጉረመረሙ። ሐዋርያት «ዝም በሉ፣ አንድነት ታፈርሳላችሁ» አላሏቸውም። 7 ሰዎች አስመረጡ። እነ እስጢፋኖስን፣ እነ ፊልጶስን ተመልከቻቸው፤ የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። ቅር ያለውን ወገን ሥራው ላይ አስገቡት ማለት ነው። እኔ እንደሚገባኝ አንድነቱን ያዳነው ይኼ ነው።

ነገሩ ከመዝሙርም ያልፋል። እኔ ጋ የምትኖር ልጅ ከባሌ ናት። ንስሐ ለመግባት ቋንቋዋን የሚሰማ አባት ፍለጋ ከደብር ደብር ተንከራተናል። ኃጢአቷን በአስተርጓሚ ትናገር? እንዴት ተደርጎ!

የፒያሳዋ ዘማሪት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግጥሙን ነገ ጽፈን እናስገባለን። የሚያስተረጉሙትም እነዚያው የጠየቁት ልጆች ይሆናሉ። እናቴ፣ የንስሐውን ነገር ጨርሶ አስቤው አላውቅም ነበር። በመጨረሻ አባት አገኛችሁላት?

የልጆች እናት
አግኝተናል፣ ክብር ለእሱ ይሁን። አንድ ቄስ ናቸው፤ ከቅዳሴ በኋላ ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ቀደም ብሎ መሄድ ነው። የተቸገረ ካለ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ደብሩን እነግርሻለሁ።