ለአባታቸው ካንሰር መሆኑ ይነገራቸው ወይስ ይደበቃቸው?

አወያይ፦ የዛሬው ክርክር ይኸው። አንድ የ67 ዓመት አባት የአንጀት ካንሰር ተገኘባቸው። ልጆቻቸው ሐኪሙን "ለእሳቸው ቁስለት ነው በልልን" አሉት። እሺ ይበል?

የመርካቶ ልጅ፦ እሺ ይበላ! እኛ እኮ መርዶ እንኳ ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የምናረዳው። ሐኪሙ በአምስት ደቂቃ "ካንሰር ነው" ብሎ ቢያሰናብታቸው ድንጋጤው ይቀድማቸዋል። አለመጉዳት የሚባል መርህ የለም እንዴ?

ነርሷ፦ ካንሰር ክፍል ብትሠራ እንዲህ አትልም ነበር። ኬሞ፣ የካንሰር መድኃኒቱን፣ እየወሰዱ "ግሉኮስ ነው" የተባሉ እናት አውቃለሁ። አጠገባቸው የተኙት ሴትዮ "የእርስዎስ ካንሰር የት ላይ ነው?" አሏቸው። በቃ፣ እንዲያ ሰሙት። ከዚያ ወዲያ የምንሰጣቸውን ክኒን ሁሉ "ይሄስ ምንድን ነው?" እያሉ እያገላበጡ ነበር የሚያዩት።

ዲያቆኑ፦ የልጆቹ ሐሳብ ፍቅር ነው፣ አልክድም። ግን ሐሳቡ ስላማረ ውሸቱ እውነት አይሆንም። ሰውየው ንስሐ መግባት፣ ዕዳ መክፈል፣ የተጣሉትን መታረቅ ቢፈልጉስ? ጊዜያቸውን እኮ ነው የምትወስዱባቸው።

የመርካቶ ልጅ፦ "የግል መብት" የምትሉት የፈረንጅ ነገር ነው። እኛ ጋ የሚታመመው ቤተሰቡ ነው። ለማሳከሚያ ቤት የሚሸጠውም እሱ።

ከዲሲ፦ ፈረንጁም ትናንት እንደኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 በወጣ የአሜሪካ ጥናት ከተጠየቁት ሐኪሞች 90 በመቶ ያህሉ ካንሰርን ለታካሚ አለመንገርን ይመርጡ ነበር። በ1979 ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብ 97 በመቶው መንገርን መረጡ። 18 ዓመት ብቻ! የኛ ሰው ግን እዚህም አስተርጓሚውን በዓይኑ ይጠቅሳል፣ "ይቺን ዝለላት" ለማለት።

የሕክምና ተማሪ፦ አለመጉዳት፣ መጥቀም፣ የታካሚን ውሳኔ ማክበር፣ ፍትሕ፤ አራቱ የሕክምና ሥነ ምግባር መርሆች ሲጋጩ ሁሌ የሚያሸንፍ የለም። አለማወቅም መብት ነው። ግን መራጩ ታካሚው እንጂ ልጁ አይደለም። "ውጤቱን ለማን እንንገር?" ብሎ እሳቸውን መጠየቅ ነው።

የመርካቶ ልጅ፦ እንዲያ ብለህ ስትጠይቃቸው እኮ ነገርካቸው!

የሕክምና ተማሪ፦ ውጤቱ ከመጣ በኋላ ከሆነ፣ አዎ። ናሙና ሲወሰድ ሁሉም ታካሚ ቢጠየቅ ግን ማንም አይጠረጥርም።

ነርሷ፦ ጥሩ ነበር። ግን የናሙናውን ምርመራ (የፓቶሎጂ) ውጤት ፖስታ የሚቀበለው ልጅ ነው። ኮሪደር ላይ ቆሞ እንግሊዝኛውን በስልኩ ያስተረጉማል። ሐኪሙ ጋ ሲገባ ቤተሰቡ ወስኖ ጨርሷል።

አወያይ፦ ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ለአባትየው ቀዶ ጥገና ታዟል፤ ሆዳቸው ላይ የሰገራ ከረጢት ሊደረግላቸው ይችላል። ምን ተብለው ይፈርሙ?

የመርካቶ ልጅ፦ ልጃቸው ይፈርምላቸዋል።

ነርሷ፦ ከረጢቱን ማን ይሸከምላቸዋል ታዲያ? ሲነቁ "ለቁስለት ነው ይሄ?" ብለው የሚጠይቁት እኔን ነው፣ አንተን አይደለም።