በናስ ቀለበት ላይ የተቀረጹ ቁጥሮች፦ ስለ ድሮ የመድፍ ጥይት የቀረበ ጥያቄ

ጠያቂ፦ መምህሩ ከደብረ ሲና

የተከበራችሁ ወገኖች፣ ጤና ይስጥልኝ። ጣርማበር አካባቢ ባለው በአያቴ ቤት ውስጥ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው አንድ የናስ ዕቃ አለ። ቁመቱ ከስንዝር ያነሰ፣ ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ ታቹ የብሎን ጥርስ ያለው ሲሆን፣ አያቴ የጠላ ጋን ክዳን መጫኛ አድርገውት ኖረዋል። ባለፈው ለፋሲካ ስሄድ ጥቀርሻውን በአመድና በሎሚ ሳሸው ሁለት የተደራረቡ ቀለበቶች እንዳሉትና በታችኛው ቀለበት ዙሪያ ደቃቅ መስመሮችና ቁጥሮች እንደተቀረጹበት አየሁ። ከቁጥሮቹ 12፣ 14 እና 16 በግልጽ ይነበባሉ፤ ሌሎቹ ተፍቀዋል።

አያቴ ዕቃው ከሰገሌ ጦርነት የመጣ ነው ይላሉ፤ አጎቴ ደግሞ የጣሊያን ዘመን ነው ብሎ ይከራከራል። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝና የመድፍ ጥይት ጫፍ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ገመትኩ። ያልገባኝ ግን ይህ ነው፦ ጥይቱ የመታው ነገር ላይ የሚፈነዳ ከሆነ ቁጥር ምን ያደርግለታል?

መልስ 1፦ ጡረተኛው መድፈኛ

መምህር፣ ከሁሉ አስቀድሞ ዕቃውን ባለበት ይተዉት፤ እሳትም ልጅም እንዳይቀርበው ያድርጉ። ከእንግዲህም በአመድም ሆነ በሎሚ አይሹት። ምክንያቱን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

የገለጹልን ነገር የጊዜ ፊውዝ፣ ማለትም በጥይቱ ጫፍ ላይ ተገጥሞ የሚከፈትበትን ቅጽበት የሚወስን ዕቃ ይመስላል። በ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ የሜዳ መድፍ ዋነኛ ጥይት መሬት ሲነካ የሚፈነዳው ሳይሆን ገና በአየር ላይ ሳለ የሚከፈተው ሽራፕኔል ነበር። ሐሳቡ በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከእንግሊዛዊው የመድፈኛ መኮንን ከሄንሪ ሽራፕኔል የመነጨ ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ1900ዎቹ የተሠራው ከስሙ በቀር ከመጀመሪያው ጋር የሚጋራው ጥቂት ነው። ለምሳሌ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1904 የታጠቁትን ባለ 18 ፓውንድ መድፍ እንውሰድ። ጥይቱ እንደ ጠባብ ማሰሮ የተሠራ የአረብ ብረት ዕቃ ሲሆን በውስጡ 375 ገደማ ድብልብል አረሮች በሙጫ ተያይዘው ታጭቀዋል፤ ከእነርሱ በታች ደግሞ ጥቂት ባሩድ አለ። ፊውዙ ጊዜው ሲደርስ እሳቱ በመካከለኛው ቱቦ ወርዶ ባሩዱን ይለኩሰዋል፤ ባሩዱም አረሮቹን በአፍ በኩል ገፍቶ ወደ ፊትና ወደ ታች ይረጫቸዋል፤ ማሰሮው ግን አይሰበርም። ስለዚህ ይህን ጥይት በሰማይ ላይ ሆኖ እንደሚተኩስ ትልቅ ጠመንጃ አድርጎ ማሰብ ይሻላል።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ የሚያርፈው በአንዲት ቅጽበት ላይ ነው። ጥይቱ ትንሽ ከቸኮለ አረሮቹ ኃይላቸውን ጨርሰው ይወድቃሉ፤ ትንሽ ከዘገየ ደግሞ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ያዩዋቸው ሁለት ቀለበቶች የተሠሩት ለዚህ ነው። በሆዳቸው እንደ ቦይ የተቦረቦረ መስመር አለ፤ በእርሱም ውስጥ ደቃቅ ባሩድ በብርቱ ተጠቅጥቋል። መድፉ ሲተኮስ ጥይቱ በድንገት ወደ ፊት ይወረወራል፤ በፊውዙ ውስጥ ያለችው ትንሽ ክብደት ግን ባለችበት ልትቀር ትሞክራለች (ይህን እርስዎ ለተማሪዎችዎ በሚነሳ አውቶቡስ ምሳሌ እንደሚያስረዱት አልጠራጠርም)፣ በዚህም ግጭት እሳት ይነሳል። እሳቱ የላይኛውን ቀለበት ዞሮ ወደ ታችኛው ይሻገራል፤ ያንንም ዞሮ ወደ ዋናው ባሩድ ይወርዳል። መድፈኛው ከመተኮሱ በፊት የታችኛውን ቀለበት ሲያዞር እሳቱ የሚሄድበትን መንገድ ያስረዝማል ወይም ያሳጥራል። ቁጥሮቹም የመንገዱ ርዝመት መለኪያ ናቸው፤ በአንዱ አገር ሥሪት ሰከንድን፣ በሌላው ርቀትን ያመለክታሉ። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. ለ1897ቱ 75 ሚሊሜትር መድፋቸው ሌላ ዘዴ መርጠው ነበር፦ ቀለበት ከማዞር ይልቅ በፊውዙ ቆብ ሥር የተጠመጠመውን የባሩድ ቱቦ በሚፈለገው ቦታ ላይ በመሣሪያ ይበሱታል። ይህም በጣም የፈጠነ አሠራር ነበር።

የአያትዎ ዕቃ ከጥይቱ አካል ተለይቶ መገኘቱም የሚነግረን ነገር አለ። ሽራፕኔል ሲከፈት የጫፉ ናስ አብዛኛውን ጊዜ ሳይሰበር ተገንጥሎ ይወድቃል፤ ቀለበቱም መድፈኛው ባቆመበት ቁጥር ላይ እንደ ቆመ ይቀራል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች የወደቀ የጠላት ፊውዝ ሲያገኙ ቁጥሩን አንብበው የተተኮሰበትን ርቀት ይገምቱ ነበር። ነገር ግን ፊውዙ ሥራውን ሳይጨርስ ወድቆ ሊሆንም ይችላል፤ ያን ጊዜ ባሩዱና መቀስቀሻው አሁንም በውስጡ አሉ። ናስ ደግሞ ውስጡን አያሳይም። ለቅርቡ ፖሊስ ጣቢያ ያሳውቁ።

መልስ 2፦ የአንጎለላ ልጅ

ጡረተኛው መድፈኛ ስለ ቀለበቶቹ ያሉትን ሁሉ እቀበላለሁ፤ የዘመኑን ፈጠራ ሁሉ በፊውዝ ላይ መስቀላቸው ግን አላሳመነኝም። በእኔ አስተያየት ትልቁ ለውጥ በጥይቱ ሆድ ውስጥ የገባው ፈንጂ ነው።

ጥቁር ባሩድ ጥይትን ይከፍታል እንጂ አያደቅም። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ፒክሪክ አሲድ የተባለውን ብርቱ ፈንጂ ሜሊናይት ብለው፣ እንግሊዞች ሊዳይት ብለው፣ ጃፓኖችም ሺሞሴ ብለው በጥይት ሞሉት፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1905 በቱሺማ የባሕር ጦርነት የሩስያን መርከቦች ያቃጠለው ይኸው ነው። ጉድለቱ ግን ከብረታ ብረት ጋር ሲገናኝ በቀላሉ የሚፈነዳ ጨው መፍጠሩ ነበር፤ ስለዚህ የጥይቱ ውስጥ በቫርኒሽ መቀባት ነበረበት። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. ከ1902 ጀምሮ ቲኤንቲ ወደሚባለው ፈንጂ ተሸጋገሩ። ቲኤንቲ እ.ኤ.አ. በ1863 በጀርመናዊው ኬሚስት በዩሊየስ ቪልብራንድ ከተሠራ በኋላ ለአርባ ዓመት ያህል ለጥይት ሳይውል የቆየ ነገር ነው። ውኃ ከሚፈላበት ሙቀት በታች ስለሚቀልጥ እንደ ሰም ይፈስሳል፣ ሲመታም አይደነግጥም። መርከበኞች የፈለጉት ይህንኑ ነበር፤ ጥይቱ የመርከቡን ብረት በስቶ ከገባ በኋላ እንዲፈነዳ ከተፈለገ ፈንጂው ብረቱን ሲነካ መቻል አለበት። እ.ኤ.አ. በ1916 በጁትላንድ ባሕር ላይ የእንግሊዞች የሊዳይት ጥይቶች ገና ከውጭ እየፈነዱ ወይም እየተሰበሩ የቀሩት ይህን ችሎታ ስላጡ ነው።

አንድ የተረሳ ፈጠራም ልጨምር። ቫን ኤሰን የተባለ ሆላንዳዊ መኮንን ለጀርመኑ ራይንሜታል ፋብሪካ ሽራፕኔልንና ፈንጂን በአንድ ጥይት የሚያዋህድ ሥሪት አቀረበ፤ አረሮቹ በሙጫ ፋንታ በቲኤንቲ መካከል ተቀምጠዋል። በጊዜ ፊውዝ ሲከፈት አረሮቹ ይረጫሉ፣ መሬት ሲመታ ደግሞ ሁሉም አብሮ ይፈነዳል። ሐሳቡ ብልህ ነበር፤ ሆኖም ሁለት ሥራ የተሸከመ ጥይት ውድና ለመሥራት አስቸጋሪ በመሆኑ፣ ጦርነቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ጥይት መብላት ሲጀምር ተተወ።

ወደ መምህሩ ጥያቄ ልመለስ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም ሰገሌ ላይ የተሰለፈ ጦር እንዲህ ያለ ጥይት ሊኖረው ይችላል። የአጎትዎ ግምት ግን ለእኔ ይቀርባል። የጣሊያን ጦር በሚያዝያ 1928 ዓ.ም ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግስ ጣርማበር ላይ መንገዱ ፈርሶ ጠብቆታል፤ ከዚያም በኋላ የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች በዚህ አካባቢ ለዓመታት ተዋግተዋል። ጣሊያኖች ይዘውት የመጡት የተራራ መድፍም ከኦስትሪያ-ሃንጋሪ ያገኙትን የሽኮዳ 75 ሚሊሜትር ያካትት ነበር፤ እርሱም የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሥሪት ነው። ስለዚህ የፊውዙ ሥሪት ማርጀቱ ብቻውን የሰገሌ መሆኑን አያረጋግጥም።

መልስ 3፦ ጡረተኛው መድፈኛ

የአንጎለላው ወንድሜ ስለ ፈንጂው ትክክል ነው። ነገር ግን ያ ሁሉ ፈንጂ ያለ ተስማሚ ፊውዝ ምን እንደ ሆነ በፈረንሳይ በሶም ጦርነት ላይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1916 መጨረሻ እንግሊዞች በአንድ ሳምንት ውስጥ 1.5 ሚሊዮን ያህል ጥይት ተኮሱ፤ ከዚህም ብዙው ሽራፕኔል ነበር። ሽራፕኔል ምሽግ ውስጥ ያለን ሰው አይነካም፤ ፈንጂ የተሞላው ጥይት ደግሞ ፊውዙ ስለሚዘገይ ጭቃ ውስጥ ከገባ በኋላ እየፈነዳ ጉድጓድ ከመቆፈር በቀር ከጠላት ምሽግ ፊት የተዘረጋውን የሽቦ አጥር አልቆረጠም፤ ጨርሶ ያልፈነዳውም እጅግ ብዙ ነበር። መፍትሔ ሆኖ የመጣው ቁጥር 106 የተባለው ፊውዝ ነው። ጥይቱ ሽቦም ሆነ የመሬት ገጽ በነካበት ቅጽበት፣ ገና ሳይቀበር ስለሚፈነዳ ፍንጣሪው ወደ ጎን ተበትኖ ሽቦውን ያጭደዋል። ፈንጂው ያው ነው፤ የተለወጠው የሚፈነዳበት ቅጽበት ነው።

ስለ ጥይት ቅርጽ በአጭሩ፦ ፈረንሳዮች በጦርነቱ መጨረሻ የጥይቱን ጭራ ወደ ውስጥ ሰብሰብ አድርገው በመሥራታቸው ብቻ የዚያው የ75 መድፍ ርቀት ከ8,500 ሜትር ወደ 11,000 ሜትር አለፈ። ስለ ቁጥር ከተነሳ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 23 ቀን 1918 ጀምሮ ከ120 ኪሎ ሜትር ርቀት ፓሪስን የደበደበው የጀርመኖች መድፍ ጥይቶች እያንዳንዳቸው ተራ ቁጥር ነበራቸው። እያንዳንዱ ተኩስ አፈሙዙን ስለሚበላው ቀጣዩ ጥይት ካለፈው በጥቂቱ ወፈር ብሎ መሠራት ነበረበት፤ ተራ ቢዛነፍ መድፉ ራሱ ይፈነዳል።

ጠያቂ፦ መምህሩ ከደብረ ሲና

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጣርማበር ከዚያም ከፍ ይላል። እዚህ ውኃ በ91 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ባቄላ እንኳ ከቆላ ይልቅ ቆይቶ ነው የሚበስለው። በአውሮፓ ዝቅተኛ ምድር የተለካ የባሩድ ቀለበት እዚህ ደጋ ላይ በዚያው ፍጥነት ይነዳል?

መልስ 4፦ ጡረተኛው መድፈኛ

አይነድም። በሥራ ዘመኔ ይህን የጠየቀኝ ሰው አላጋጠመኝም። ባሩድ ለመንደድ ከውጭ አየር አይሻም፤ ነገር ግን የአየሩ ግፊት ሲቀንስ የሚወጣው ትኩስ ጋዝ በፍጥነት ስለሚያመልጥ ቀጣዩን ባሩድ በደንብ አያሞቀውም፤ ስለዚህ ይዘገያል። ደብረ ብርሃን ላይ ያለው ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ከአሥር ሰባት እጅ ገደማ ነው። በዚያ ላይ አየሩ ስስ በመሆኑ ጥይቱ ብዙ ስለማይጎተት በዚያው ጊዜ ርቆ ይሄዳል። ሁለቱ ስሕተቶች እርስ በርስ አይጠፋፉም፤ ሁለቱም ጥይቱን ከዒላማው አሳልፈው ይከፍቱታል። የተኩስ ሠንጠረዡን ሳያርም በእኛ ደጋ የሚተኩስ መድፈኛ አረሩን ከሰልፈኛው ጀርባ ያዘንበዋል።

ችግሩን በአውሮፓ አጉልተው ያዩት አውሮፕላን ላይ የሚተኩሱት መድፈኞች ናቸው፤ ጥይታቸው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ግፊቱ እየቀነሰ ባሩዱ እንደ ልማዱ አልነድ አለ። ክሩፕ የተባለው የጀርመን የመድፍ ፋብሪካ በጦርነቱ የመጨረሻ ዓመታት ባሩዱን ትቶ በሰዓት መዘውር የሚቆጥር ፊውዝ ያወጣው ከዚህ የተነሣ ነው። ሰዓት ከፍታ አያውቅም።

ጠያቂ፦ መምህሩ ከደብረ ሲና

ለፋሲካ ያነሳሁትን ፎቶ አጉልቼ አየሁት፤ የላይኛው ቀለበት ምልክት ከ14 ጥቂት አለፍ ብሎ ቆሟል። ፖሊስ ጣቢያ አሳውቄያለሁ፣ ባለሙያ ይዘን እንመጣለን ብለዋል። እስከዚያው ወደ ጓዳው ማንም እንዳይገባ ለአያቴ ብነግራቸው፣ «ጠላው እስኪያልቅ መጠበቅ አይችሉም ወይ?» ብለው ጠየቁኝ።