የኦቫሪ ካንሰር ሲመለስ፦ ከኦፕራሲዮን በፊት ኦላፓሪብ፣ የጋራ ዕቅዳችን ረቂቅ

የማህፀን ካንሰር ሐኪም፣ ባሕር ዳር፦
ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ሐሳቤ ይኼ ነው። ኬሞዋን ከጨረሰች 6 ወር ካለፈ በኋላ የኦቫሪ (የእንቁላል ማምረቻው) ካንሰር የተመለሰባት፣ ኦፕራሲዮን የሚያዋጣት ሴት፣ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ለጥቂት ሳምንታት ኦላፓሪብ ትውሰድ። ክኒን ነው። ፓርፕ የተባለውን የዲኤንኤ ጠጋኝ ኢንዛይም ያግዳል። ብራካ የተባለው፣ ዲኤንኤ ለመጠገን የሚረዳው ጂን የተበላሸበት የካንሰር ሕዋስ ሌላ ደህና መጠገኛ ስለሌለው ይሞታል። ክኒኑን ሳትጀምር ባዮፕሲ (ትንሽ የዕጢ ናሙና) እንወስዳለን፤ በኦፕራሲዮኑ ቀን ዕጢው ራሱ እጃችን ይገባል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን መድኃኒቱ ምን እንደሠራ እናያለን። ካናዳ ውስጥ ኒኦ የተባለው ጥናት የሄደበት መንገድ ነው።

ቀዶ ሐኪም፣ ደብረ ማርቆስ፦
ዶክተር፣ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ምርጫው ግን ይጥበቅ። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመው ዴስክቶፕ 3 የተባለው ጥናት ላይ፣ ካንሰሩ ተመልሶባቸው ኦፕራሲዮን ያገኙት ሴቶች በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ (ሚዲያን) 53.7 ወር፣ ኬሞ ብቻ ያገኙት 46 ወር ነበር። የተጠቀሙት ግን ዕጢው ሙሉ በሙሉ የወጣላቸው ናቸው። ክኒን እየሰጠን ዕጢው ካደገ ያ ዕድል ያመልጠናል። በየመሀሉ እንመርምር፤ ካደገ ሳንውል ሳናድር እናቁም። ኦላፓሪብ ደም ማነስም ያመጣል። ሄሞግሎቢኗ የወረደ ሴት ኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ላይ ስትተኛ እኔ ነኝ ደም ፍለጋ የምሯሯጠው። ይኼ በግልጽ ይጻፍልኝ።

ነርስ፣ ባሕር ዳር፦
እኔም ልጨምር። ባለፈው ወር ከቢቸና አንዲት እናት መጡ። የመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ናሙና፣ ያቺ በሰም ውስጥ ያለችው ቁራጭ፣ በመሐረብ ተቋጥራ ጉያቸው ውስጥ ነበረች። ሦስት ዓመት ቤታቸው አስቀምጠዋታል። ቁጥሩ ደብዝዟል፤ መስኮት ላይ ይዤ በግድ አነበብኩት። የብራካ ምርመራ የሚሠራው ከዚህች ቁራጭ ከሆነ፣ አቀማመጧ ከመድኃኒቱ በፊት ይታሰብበት። ስለ ክኒኑ ስነግራቸው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «ከኦፕራሲዮኑ በኋላስ ማን ይሰጠኛል ልጄ?» መልስ አጣሁ።

የማህፀን ካንሰር ሐኪም፣ ባሕር ዳር፦
ሲስተር፣ ልክ ነዎት። ረቂቁ ላይ ይኼ የለም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ክኒኑ የጠቀማት ሴት በነፃ እንደምትቀጥል የመድኃኒቱ አቅራቢ በጽሑፍ ካላረጋገጠ አንድም ሰው አንመዘግብም። መጀመሪያው ገጽ ላይ ይገባል። የናሙናውን አያያዝ ከፓቶሎጂ (ናሙና ከሚመረምረው ክፍል) ጋር ሰኞ እጨርሳለሁ። የስምምነት ቅጹን ግን እርስዎ ይጻፉልን፣ ለእኚያ እናት በሚያወሩበት አማርኛ።