ከሐዋሳ እስከ ኬንያዋ ናንዩኪ በሞተር፦ የሞተረኞች ማኅበራችን የጋራ ዕቅድ ረቂቅ፣ አስተያየት እስከ እሑድ ማታ

ጸሐፊው፦
ረቂቁ ይኸው። ሳታነቡ አትጻፉ፤ የአርባ ምንጩ እንዳይደገም። መነሻ ጥር 14፣ መመለሻ ጥር 23። 14 ሞተር፣ አንድ ፒክአፕ። በመጀመሪያው ቀን ያቤሎ እናድራለን፣ 290 ኪሎ ሜትር ገደማ። በማግስቱ ሞያሌ 205፣ ድንበሩንም ያን ዕለት እናልፋለን። ሦስተኛው ቀን ማርሳቢት 250፣ አራተኛው በኢሲዮሎ አድርገን ናንዩኪ 340። ሁለት ቀን እዚያ፣ ከዚያ በመጣንበት መመለስ። ጥር የሆነው ለዝናቡ ነው፤ ቦረናም ሰሜን ኬንያም ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይዘንብበታል። ለፍቼ ጨምበላላ እናስጠጋው ላላችሁት መልሱ ይሄ ነው። ቤንዚን፦ ደርሶ መልስ 2,170 ኪሎ ሜትር ነው፤ 150 ሲሲ ዕቃ ጭኖ በሊትር 35 ቢሄድ 62 ሊትር። ንፋሱን አስባችሁ 70 ያዙ። ኬንያ ውስጥ ነጂውም ተፈናጣጩም ሄልሜትና አንጸባራቂ ሰደርያ ግዴታው ስለሆነ 14 ቢጫ ሰደርያ በጋራ እንገዛለን።

ገንዘብ ያዧ፦
ከካዝና የሚወጣው የፒክአፑ ናፍታና የሹፌሩ አበል ብቻ ነው። ሌላው ከየኪሳችሁ። የሦስት ወር መዋጮ ያልከፈሉ ሰዎች ዝርዝሩ ውስጥ ገብተዋል። ስም አልጠራም፣ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ቀዩ አፓቼ፦
መንገዱም ቀኑም ጥሩ ነው። ቢጫ ሰደርያ ግን አልለብስም። ኬንያ ቢጫ ሰደርያ የሚለብሰው ቦዳ ቦዳ፣ ማለትም በሞተር ሰው እየጫነ የሚሠራው ነው። ይህን ሁሉ ወጪ አውጥተን ሄደን ሰው መንገድ ዳር እጁን እያነሳ "ስንት ነው?" ሊለን ነው?

ታቦር ሥር፦
ብትጭነው ምን አለበት፣ የቤንዚንህን ይሸፍንልሃል።

ሞያሌ መስመር፦
ስለ ሰደርያ ከማውራታችሁ በፊት ስለ ንፋሱ ስሙ። ከሞያሌ ወደ ማርሳቢት ስትሄዱ ቱርቢ የምትባለውን ከተማ አልፋችሁ እስከ ቡቢሳ ያለው ዲዳ ጋልጋሉ ነው፤ ጥቁር ድንጋይ የለበሰ ሜዳ፣ መከለያ የሚሆን አንድ ዛፍ የለውም። ንፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ይመጣል፣ ስለዚህ ወደ ማርሳቢት ስትወርዱ ከፊት በግራ በኩል ይመታችኋል። ጭነት መኪና ስትቀድሙ መኪናው በግራችሁ ስለሚሆን ንፋሱን ይጋርድላችኋል፤ ጋቢናውን ባለፋችሁበት ቅጽበት ግን በአንዴ ተመልሶ ወደ ቀኝ ይገፋችኋል። ለመቅደም ስትወጡ መሪውን ላላ አድርጋችሁ ያዙ፣ ጋቢናው ጋ ስትደርሱ ሰውነታችሁን ወደ ግራ አዘጋጁ። ስትመለሱ ነገሩ ይገለበጣል፤ ያኔ የሚጋርደው ከፊት የሚመጣው መኪና ነው። ዕቃ ከወንበሩ ኋላ ቆልሎ የሚመጣ ሰው የፊት ጎማው ይቀልበታል፣ በዚያ ንፋስ መሪው ይርገበገባል። ከባዱ ዕቃ ዝቅ ብሎ ወደ መሐል ይታሰር።

ቀዩ አፓቼ፦
ገባኝ። ሰደርያው ጥቁር ሆኖ የብር ቀለም መስመር ቢኖረው አያንጸባርቅም? ለሕጉ ይበቃል።

ጋሽ ቦክሰር፦
አይበቃም ልጄ። የብሩ መስመር የሚሠራው መብራት ሲያርፍበት ነው፣ ማለትም ማታ። እኛ ማታ አንነዳም፤ ረቂቁም ከ11 ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ መሆን ይከለክላል። ቀን ላይ የሚያሳይህ ደማቁ ጨርቅ ነው፣ የፀሐይን ጨረር ወደ ቀለም የሚለውጠው። ከማርሳቢት በታች አስፋልቱ በሙቀት ሲንቀጠቀጥ ጥቁር የለበሰ ሰው ከርቀት አይለይም። ቢጫ ወይ ብርቱካናማ፤ ሌላው ለፎቶ ነው።

የዲላው፦
ብርቱካናማ ይሁን። ቦዳ የሚባለውም ነገር ይቀራል።

ቀዩ አፓቼ፦
ብርቱካናማ ደግሞ የመንገድ ጥራጊ ነው።

ታቦር ሥር፦
አረንጓዴ ከሆነ ትራፊክ ፖሊስ ትባላለህ። ምረጥ።

ሰነድ እኔ ጋ፦
ወረቀቱን እኔ እይዛለሁ ብዬ ነበር፣ እንደያዝኩት ነው። የሚያስፈልገው፦ ፓስፖርት፣ የሞተር መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ የታደሰ ቦሎ፣ የኮሜሳ የሎ ካርድ። የመጨረሻው የሦስተኛ ወገን መድን ነው፤ የእዚህ ኢንሹራንሳችሁ ድንበር ስለማይሻገር ኢንሹራንስ ከገባችሁበት ድርጅት ታስወጣላችሁ። ከክትባቱ ካርድ ጋር አታምታቱት። የቢጫ ወባ ክትባት ለብቻው ነው፣ ካርዱ የሚጸናውም ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ የገና በዓል ሳያልፍ ተከተቡ። አንዴ የተከተበ ዕድሜ ልኩን ይበቃዋል። ሊብሬው በሌላ ሰው ስም የሆነ ሰው ውክልና ያስፈልገዋል። ባንክ የያዘው ሊብሬ ያለበት ደግሞ ከባንኩ ደብዳቤ ካላመጣ ጉምሩክ ላይ ይቀራል። የእርዳታ ድርጅት ሰሌዳ ያለው አይታሰብም። ሁላችሁም እስከ ዓርብ የሊብሬያችሁን ፎቶ ላኩልኝ።

ገንዘብ ያዧ፦
ሁለት ሱቅ ጠይቄያለሁ። ባዶው ሰደርያ 450፣ ጀርባው ላይ የማኅበሩ ስም ታትሞበት 950። ለ14 ሰው 13,300 ብር። ከካዝና አይወጣም።

ቀዩ አፓቼ፦
ከታተመበትማ ሌላ ነገር ነው። ጀርባው ሙሉ የማኅበሩ አርማ፣ ከሥሩ ሐዋሳ ተብሎ፣ ቦዳ የሚለን የለም።

ጋሽ ቦክሰር፦
ጀርባውን በሙሉ ካተምክበት የሚያበራው ጨርቅ ተሸፈነ፣ ለምን ገዛኸው? አርማ ከመዳፍ አይብለጥ። ደግሞ ሰፊ ሰደርያ በዚያ ንፋስ እየተርገፈገፈ አንገትህን ሲገርፍህ ይውላል። ወንፊት የሆነው ጨርቅ ይሻላል፣ ንፋስ ያሳልፋል። በማጣበቂያ የሚዘጋውን ተዉት፣ ቡቢሳ ሳይደርስ ይከፈታል፤ ዚፕ ያለው ይሁን። ከጀርባ ቦርሳ በላይ የሚለበስ ካልሆነም ዋጋ የለውም፣ ቦርሳው ይሸፍነዋል።

ቀዩ አፓቼ፦
ጋሼ፣ ከመዳፍ ያልበለጠ አርማ ለማን ይታያል? ለነገሩ እርስዎ የሚነዱት ቦክሰር ነው፣ ቦዳ ቢሉዎት ምንም አይመስልዎትም።

ታቦር ሥር፦
ኧረ በሕግ!

የዲላው፦
ይሄ ንግግር ከማኅበር ሰው አይጠበቅም። አፓቼህን የገዛኸው መቼ ነው? ጋሼ እኮ ግማሻችሁን መንዳት ያስተማሩ ሰው ናቸው።

ጋሽ ቦክሰር፦
ተዉት። ቦክሰር የምወስደው ቦዳው ሁሉ ቦክሰር ስለሚነዳ ነው። ካቴና፣ የፍሪሲዮን ካቦ፣ የፍሬን ሸራ፣ 3.00-17 የኋላ ጎማ ከሞያሌ እስከ ናንዩኪ በየኪዮስኩ አለ። የአፓቼ 200 የፊት ፍሬን ሸራ ማርሳቢት አገኛለሁ ብለህ አትነሳ፤ ከዚሁ ሁለት ጥንድ ይዘህ ሂድ።

አሁን የሁላችሁን ሞተር የሚመለከት። ካቴና የምታጠብቁት ዕቃው ተጭኖ ሰው ተቀምጦበት ነው፤ መሐሉን በጣት ስታነሱት ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር መንቀሳቀስ አለበት። ባዶውን በስታንድ አቁሞ ያጠበቀ ሰው ዕቃው ሲጫን ሞተሩ ወደ ታች ይቀመጣል፣ ካቴናው ከልክ በላይ ይወጠራል፣ ከዚያ የሚበላው ካቴናው ብቻ አይደለም፤ የፊት ጥርሱ ዘንግ ኩሽኔታ ይሄዳል፣ ዘይት ማንጠባጠብ ይጀምራል። እሱ ደግሞ ሞተር ሳይወርድ አይቀየርም። በየ500 ኪሎ ሜትሩ ማታ፣ ካቴናው ገና ሞቆ ሳለ ዘይት ቀቡት፤ ጠዋት የተቀባ ወዲያው ተረጭቶ ያልቃል፣ አቧራም ይይዛል።

ጎማ ጠዋት ቀዝቅዞ ሳለ ይለካ፣ ቀትር ላይ ለክታችሁ አታስተንፍሱ። ከአርቸርስ ፖስት እስከ ኢሲዮሎ ለጥላ ብላችሁ ከአስፋልት ወርዳችሁ ግራር ሥር አትቁሙ፤ እሾሁ ከነሙሉ ርዝመቱ ይገባል። ለ14 ሞተር የጋራ ዕቃ፦ የኋላ ከመነዳሪ 6፣ የፊት 3፣ ለትዩብለሶቹ የመድፈኛ ኪት 2፣ ካንዴላ 8፣ የፍሪሲዮን ካቦ 4፣ የካቴና ማያያዣ በየመጠኑ 2፣ ፊውዝ፣ ቻቪ ከቁጥር 8 እስከ 24፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ የእግር ፓምፕ 2። በጀሪካን የተሸጠ ቤንዚን ስትቀዱ በጨርቅ አጥልሉ፤ የካርቡራተር አፍንጫ የሚዘጋው ከታች በሚቀረው ውኃና ዝገት ነው።

ቀዩ አፓቼ፦
ጋሼ ይቅርታ፣ በክፉ አይደለም። አርማው ግን ከመዳፍ ይብለጥ።

ሞያሌ መስመር፦
በግራ መንዳት የሚያስቸግረው ድንበሩ ላይ አይደለም፤ እዚያ ሁሉም ሰው ነቅቶ ነው የሚሄደው። ስህተቱ የሚመጣው ጠዋት ባዶ መንገድ ላይ ስትወጡ፣ ከማደያ ስትወጡ፣ ፎቶ ተነስታችሁ ስትመለሱ ነው፤ እጅ በልማዱ ወደ ቀኝ ይስባል። ሰልባትዮው ላይ ወደ ግራ የሚያሳይ ቀስት በፕላስተር ለጥፉ። አደባባይ የሚዞረው በሰዓት አቅጣጫ ነው፣ ቅድሚያ ከቀኝ ለሚመጣው። ለመቅደም የምታዩት የቀኙን ስፖኪዮ ነው፤ ግማሻችሁ ደግሞ የቀኝ ስፖኪዮ የላችሁም። ፌስታል ይዛችሁ እንዳትሻገሩ፤ ኬንያ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላዋለች፣ ቅጣቱ እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ ይደርሳል። ቆሎውም ዳቦ ቆሎውም በጨርቅ ከረጢት።

የዲላው፦
ሳምቡሩ መንገዳችን ላይ ነው፣ ዝሆን ሳናይ እናልፋለን?

ሞያሌ መስመር፦
ፓርክ ውስጥ ሞተር አይገባም። መኪና መከራየት አለባችሁ፣ ያ ሌላ በጀት ነው።

ታቦር ሥር፦
የሰደርያውን ገንዘብ ያገኘሁ ይመስለኛል። ሐይቁ ዳር ያለው ሆቴል ባለቤት አርማው ከኛ ጎን ከታተመ 14ቱንም ያሳትማል። እንዲያውም 50 ያሳትምና ትርፉን እዚህ ለሚሠሩ ሞተረኞች እናከፋፍል ይላል። ፎቶው ግን ፍቅር ሐይቅ ላይ፣ እንግዳ በሚበዛበት፣ ከጥምቀት በፊት ይሁን።

ገንዘብ ያዧ፦
50 ሰደርያ በነፃ? እኔ ተስማምቻለሁ።

ጸሐፊው፦
እኔም አልጠላሁትም። የትራፊክ ደኅንነት የሚል ነገር ካለበት ከተማ አስተዳደሩም ደብዳቤ ይጽፍልናል፣ ደብዳቤ ደግሞ በየኬላው ይጠቅማል። ግን ከጥምቀት በፊት ከሆነ መነሻው ወደ ጥር 8 ሊመጣ ነው። ሰነድ እኔ ጋ፣ ሊብሬ የላከ ስንት ሰው ነው? ዓርብ አልፏል።

ጸሐፊው፦
ሰነድ እኔ ጋ?

የዲላው፦
ስልኩ አይነሳም። እኔ የላኩለትን አላየውም።

ጋሽ ቦክሰር፦
ጥር 8 ከሆነ ክትባቱ ከገና በፊት ማለት ሳይሆን አሁን ማለት ነው። ደግሞ ጥምቀትን የት ልናከብር ነው፣ ማርሳቢት?

ቀዩ አፓቼ፦
የሆቴሉ አርማ ከኛ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ይሄ ሳይጻፍ አልፈርምም።

ታቦር ሥር፦
እኩል ነው ብሎኛል።

ቀዩ አፓቼ፦
እኩልማ አይሆንም። የሚነዳው ማነው?

ጸሐፊው፦
ሊብሬዎቹን ራሴ ሰብስቤያለሁ። በራሱ ስም ያለው ስምንት ሰው ነው። ሁለቱ ባንክ ተይዟል፣ ሦስቱ ውክልና ያስፈልጋቸዋል፣ አንዱ የእርዳታ ድርጅት ሰሌዳ ነው፤ ይሄኛው ዝርዝሩ ውስጥ እንዴት እንደገባ አይገባኝም። የተሻሻለው ረቂቅ፦ ጥር 7 ፍቅር ሐይቅ ላይ የሰደርያ ማከፋፈልና ፎቶ። ጥር 8 ሁሉም እስከ ሞያሌ የሚደርስ የደኅንነት ጉዞ ይጀምራል፣ ያቤሎ ማደሪያ። ከሞያሌ ወረቀት ያለው እስከ ማርሳቢት ደርሶ በማግስቱ ይመለሳል፣ ሌላው ሞያሌ ይጠብቃል። በዚህ ስሌት ለሚሻገረው ደርሶ መልስ 1,490 ኪሎ ሜትር፣ 50 ሊትር ያዙ። ናንዩኪ ለሚቀጥለው ዓመት።

የዲላው፦
ሁለት ቀን ሞያሌ ቁጭ ብዬ የምጠብቀው ለምንድነው? እኔ ከያቤሎ እመለሳለሁ።

ሞያሌ መስመር፦
ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ማታ መናኸሪያ ሄዳችሁ ከሞያሌ የገቡ ሹፌሮችን ጠይቁ። መንገዱ ክፍት ይሁን አይሁን የሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ ደብዳቤ አይደለም።

ገንዘብ ያዧ፦
የፒክአፑ ባለቤት ደውሎ ነበር። ከጥር 6 እስከ 12 ለሰርግ ተይዟል። በሌላ ጊዜ ቢሆን ይችላል።

ጋሽ ቦክሰር፦
ጥር ላይ ፒክአፕ አይገኝም፣ ሁሉም ሙሽራ ይጭናል። የጋራ ዕቃው በየሞተሩ ይከፋፈል። ከመነዳሪዎቹን ከኋላ ከሚታሰረው ዕቃ ጋር ሳይሆን ወንበር ሥር አስቀምጡ፤ ከኋላ የታሰረ ካቻቢቴ ሲቀዳቸው ይውላል።

ገንዘብ ያዧ፦
ማተሚያ ቤቱ ሃምሳውን ሰደርያ ለማዘጋጀት ሆቴሉ ግማሽ ክፍያ ረቡዕ እንዲያስገባ ጠይቋል፣ ከኛ የሚፈልገው ቁጥር ብቻ ነው። ከጃኬት በላይ ስለሚለበስ ከምትለብሱት አንድ ቁጥር ጨምራችሁ ጻፉ። እስካሁን የደረሰኝ የአራት ሰው ነው፣ የቀዩ አፓቼ አልደረሰኝም።