ደብረ ብርሃን ወደ ጎን ትስፋ ወይስ ወደ ላይ?

የመንገድ ወዳጅ፦
ሰላም ለቡድኑ። ቅዳሜና እሁድን ደብረ ብርሃን አሳልፌ መጣሁ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሸኖ ላይ ቅቤ ለመግዛት ቆም ካላችሁ ደግሞ ትንሽ ይረዝማል። ብርዱ ያው ብርድ ነው። ከተማዋ ግን ሌላ ሆናለች። ጫጫን አልፋችሁ ስትጠጉ ድሮ ግራና ቀኙ ገብስና ባቄላ ነበር። አሁን መጋዘን፣ ፋብሪካና የቆርቆሮ አጥር ነው። በ1987 ቆጠራ ነዋሪው 38 ሺህ ገደማ ነበር፣ በ1999 ደግሞ 65 ሺህ። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ ቆጠራ አላደረገችም፤ የከተማ ደረጃዋ ግን አድጎ «ሪጂዮ ፖሊታን» ተብላለች። ዘርዐ ያዕቆብ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ተብሎ የቆረቆራት ከተማ የገበሬውን ማሳ እየበላች መስፋቷ ይቀጥል ወይስ ይብቃ? ሐሳባችሁን ወርውሩ። ስድብ የለም።

ልብስ ሰፊዋ፦
ይቀጥል! ቅዳሜ መጥቶ እሁድ ለሚመለስ ሰው ማሳ ያምራል። እኔ የመንዝ ገበሬ ልጅ ነኝ። የአባቴ መሬት ለወንድሞቼ እንኳ አልበቃም፣ ለእኔ ምን ሊደርሰኝ? ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ባይከፈት ኖሮ ወይ አረብ አገር ነበርኩ፣ ወይ የሰው ቤት እንጀራ ጋጋሪ። ደመወዙ አጥጋቢ ነው አላልኩም። አሜሪካ በ2014 አጎአን፣ ያለ ቀረጥ የምንልክበትን ዕድል፣ ስትዘጋብን የልብስ ፋብሪካዎች እንዴት እንደተንገዳገዱም አይቻለሁ። ግን በገዛ ገንዘቤ ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። ከወለጋ ተፈናቅሎ መጥቶ ቻይና ካምፕ የሚኖረውን ሕዝብ ደግሞ አትርሱ። እሱስ የት ይግባ?

የመንገድ ወዳጅ፦
እህቴ፣ ፋብሪካ አይኑር አላልኩም እኮ።

ልብስ ሰፊዋ፦
አላልክም። ግን ከጽሑፍህ ጋር የለጠፍከው ፎቶ የገብሱ ነው 😄

ጡረተኛው፦
ልጆቼ፣ ታሪኩን ጠቀስ ካደረጋችሁ አይቀር ሙሉውን እንየው። ከዘርዐ ያዕቆብ በኋላ ደብረ ብርሃን የቤተ መንግሥት ከተማነቷን ለረጅም ዘመን አጥታለች። አጠገቧ ያለችውን ልቼን ደግሞ አስቡ። አፄ ዮሐንስና ምኒልክ በ1870 የታረቁባት ናት። ዛሬ ሄዳችሁ እዩ፣ ከተማ የሚባል ነገር የለም። ምኒልክ የተወለዱባት አንጎለላም እንደዚያው። በዚህ አገር ከተማ መጥቶ ይሄዳል፣ ሳይቋረጥ የኖረው እርሻውና በጉ ነው። የብርድ ልብስ ፋብሪካው እንኳ በኃይለ ሥላሴ ዘመን እዚህ ሲተከል የበጉን አገር ፈልጎ ነው።

ግንበኛ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አሁን የሚመጣው ከተማ ድንኳኑን ነቅሎ የሚሄድ አይደለም።

ስለ «ወደ ላይ» ግን ሥራዬ ስለሆነ ልናገር። የደብረ ብርሃን ሜዳ አብዛኛው ጥቁር ዋልካ ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ቤቱንም አብሮ ይሰነጥቀዋል። ፎቅ ልሥራ ካልክ ጥቁሩን ቆርጠህ አውጥተህ በሰሌክት፣ ማለትም በማያብጥ የተመረጠ አፈር፣ መሙላት አለብህ፤ መሠረቱ ብቻ አንድ ቤት የሚያወጣ ገንዘብ ይበላል። ስለዚህ ሰው ርካሹን መንገድ ይመርጣል። ሰፊ ቦታ ይይዝና አንድ ፎቅ እንኳ የሌለው ቤት ይሠራል። የሚገርመው ያው ዋልካ ውሃው በፈሰስ ከወጣለት ለስንዴና ለባቄላ ደህና አፈር ነው። ለቤት የማይመቸውን ለቤት፣ ለእርሻ የሚሆነውን ከእርሻ ነጥቀን! ኮረብታማውና ድንጋያማው ወገን ቢመረጥ እኮ መሠረቱም ይቀል ነበር። ግን እዚያ አስፋልት የለም፣ ደላላም አይወድደው።

የገበሬ ልጅ፦
ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። የእኛ መሬት ከተወሰደው ውስጥ ነው።

አባቴ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ያመርት ነበር። በግም ነበረን፣ ከምርምር ማዕከሉ የመጣውን፣ አዋሲ ከሚባለው የውጭ በግ የተዳቀለውን ሞክሮ ወዶት ነበር። ከዚያ «ለልማት ይፈለጋል» ተባለ። ስብሰባ ተጠራ፣ ተለካ፣ ካሳ ተከፈለ። አባቴ ልማት አልተቃወመም። እንዲያውም «ልጆቼ እዚሁ ይቀጠራሉ» ብሎ ነበር። ካሳው ግን በእጁ ሲገባ ብዙ መስሎት ነበር። ግማሹ ለቤት ሄደ፣ ግማሹ ለእህቴ ሠርግና ለዘመድ ብድር። ሕይወቱን ሙሉ በዓመት አንዴ እህል ሸጦ ገንዘብ የሚያይ ሰው ነው፤ ያን ሁሉ በአንድ ቀን ሰጥተኸው ምን አድርግ ትለዋለህ?

የሚያንገበግበኝ ግን ካሳው አይደለም። መሬቱ እስከ ዛሬ ባዶ ነው! ታጠረ፣ ዘበኛ ቆመበት፣ አለቀ። ፋብሪካ የለ፣ ሠራተኛ የለ። በክረምት ሣር ያበቅላል፣ ዘበኛው ሣሩን በሸክም ይሸጥልናል። አባቴ ከገዛ ማሳው ለላሙ ሣር ይገዛል። ልብስ ሰፊዋ እህቴ፣ ያንቺን ሥራ አልጠላም። የአባቴ መሬት ግን ለማን ሥራ ሰጠ?

ልብስ ሰፊዋ፦
ይሄኛው ልክ ነህ። ይሄንን ማንም አይደግፍም።

ሕግ አንባቢው፦
ስለ ካሳው ላብራራ። በድሮው አዋጅ 455/1997 ለዘለቄታው ለሚነሳ ገበሬ የሚከፈለው የአምስት ዓመት አማካይ ገቢው በ10 ተባዝቶ ነበር። አዋጅ 1161/2011 አሻሽሎታል፤ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው የአንድ ዓመት ገቢ በ15 ይባዛል። ተነሺውን ማቋቋምም ግዴታ ሆኗል፣ ባለይዞታው ራሱ የማልማት ቅድሚያ መብትም አለው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ገበሬውን ከመፈናቀል ይጠብቃል፣ መሬቱን ግን የመንግሥትና የሕዝብ ያደርገዋል። ስለዚህ ካሳው የሚሰላው ማሳው ባበቀለው እህል ነው፤ መሬቱ በሊዝ በሚያወጣው ዋጋ አይደለም። ክርክሩ ያለው እዚህ ልዩነት ውስጥ ነው ባይ ነኝ።

በሊዝ አዋጁ 721/2004 ደግሞ በጊዜ ገደቡ ግንባታ ያልጀመረ ሰው መሬቱ ሊወሰድበት ይችላል።

የገበሬ ልጅ፦
ሊወሰድበት ይችላል። ችሎ ያየሁት የለም።

ከቨርጂኒያ፦
እኔም ካጠሩት አንዱ ነኝ፤ ስለዚህ ዱላው ሳይመጣ ልናገር። 200 ካሬ በሕጋዊ መንገድ ገዛሁ፣ ካርታ አለኝ። እዚህ ሁለት ሥራ እየሠራሁ ያጠራቀምኩት ነው። ልሠራ ስል ሲሚንቶ ተወደደ፣ ብረት ተወደደ፣ ከዚያ መንገዱ አላስኬድ አለ። አጥሬ ከማስቀመጥ ሌላ ምን ላድርግ? ትውልድ ቀዬዬ ነው፣ ሳረጅ የምገባበት ቤት ነው የምመኘው።

ግንበኛ፦
ወንድሜ፣ አንተን ማንም አይወቅስም። ግን እንዳንተ ያሰበው ስንት ሰው ነው? ሁሉም 200 ካሬውን አጥሮ እርጅናን ሲጠብቅ ከተማዋ ሰው የሌለበት አጥር ትሆናለች። መብራቱና ውሃው ደግሞ እስከ አጥሩ ድረስ መዘርጋት አለበት።

ጡረተኛው፦
በአባትነት ልጠይቅ። መሬቱ ለባለሀብት ከመሰጠቱ በፊት ገንዘቡ መኖሩ አይጣራም? ደግሞ ማኅበር አቋቁመው ገበሬዎቹ ራሳቸው መጋዘን ቢሠሩና ቢያከራዩ ምን ነበረበት? የቢራ ፋብሪካዎቹ ገብስ ይፈልጋሉ። ማከማቻ ይፈልጋሉ።

ሕግ አንባቢው፦
ጋሼ፣ ያልኩት የቅድሚያ መብት እኮ ለዚሁ ነው። ችግሩ ገበሬው አቅም እንዳለው አሳይ ይባላል። አቅሙ መሬቱ ነበር፣ እሱን ደግሞ አስይዞ መበደር እንደ ባለ ሊዝ አይደለም። ብድር የሚቀልለው ሊዝ ለያዘው ነው።

የመንገድ ወዳጅ፦
እንግዲህ ጥያቄዬ ተለወጠ ማለት ነው። መስፋቷን ከመከልከል ይልቅ የታጠረው መጀመሪያ ይሙላ ብል ማን ይቃወማል?

ልብስ ሰፊዋ፦
እኔ አልቃወምም። «የታጠረው እስኪሞላ አዲስ ፋብሪካ አይግባ» ከተባለ ግን እቃወማለሁ። መሥራት የሚችለው ይምጣ፣ ያጠረው ይልቀቅለት።

የገበሬ ልጅ፦
አባቴ ባለፈው አንድ ነገር ጠይቆ ነበር። «ባለቤቱ እስኪገነባ ገብስ ልዝራበት፣ ሊገነባ ሲመጣ አጭጄ እለቃለሁ» ብሎ። ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ቢሮ ተላከ። መልስ የለም። ሽማግሌ ሰው ነው፣ ደከመው።

ከቨርጂኒያ፦
እኔ ቦታ ላይ ይዝራ። ከልቤ ነው። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

ሕግ አንባቢው፦
ቆይ፣ በጽሑፍ አድርጉት። ያለ ውል እንዳትጀምሩ።

የገበሬ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ግን 200 ካሬ በሬ ማዞሪያም አይበቃ፣ ለጓሮ ጎመን ካልሆነ። የእኛ ጥያቄ ስለ ትልልቆቹ አጥሮች ነው። እነሱ ደግሞ እዚህ ገብተው አይጽፉም።