የአያቴ ጠገራ ብሮች በሎሚ ታሹ፤ ደረጃ ላሰጣቸው ወይስ ልሽጣቸው?

የድልድዩ ጎረቤት፦ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። ገዥው ዛሬ 11 ሰዓት ቸርችል ጎዳና ቀጥሮኛል። ከአያቴ ሣጥን አራት ጠገራ ብር ወጥቷል፤ ሦስቱ የ1780 ማርትሬዛ (የንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት የኦስትሪያ ብር)፣ አንዱ የምኒልክ። ሰውዬው አሜሪካ ተልከው ደረጃ ቢወጣላቸው እጥፍ እከፍላለሁ ብሎኛል። ጠዋት ስነሣ ግን እናቴ «እንዲያምሩ ብዬ ነው» ብላ በሎሚና በአመድ ፈትጋ እንደ መስታወት አብለጭልጫቸዋለች። አሁን ምን ላድርግ?

ሚዛን፦ ስንት ግራም ናቸው?

ጉሊት፦ የእናትህ እጅ ይባረክ። የእኔንም ድስቶች ልላክላቸው?

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ «የ1780» ስትል ቆም በል። ንግሥቲቱ ያረፈችው በዚያ ዓመት በፈረንጆች ነው፤ ከዚያ ወዲህ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይ ሳይቀር ያንኑ ዓመት እየጻፉ መትተውታል። ያንተ ከአባትህ በዕድሜ ያንስ ይሆናል። ምኒልክ በፓሪስ የራሳቸውን ብር ቢያስመቱም ባላገሩ ማርትሬዛውን አልለቅም አለ፤ ከመቀበሉ በፊት የትከሻዋን ጌጥ ዘጠኝ ዕንቁ በጣቱ ይቆጥር ነበር። አላድና ተሙን የሚባሉት ትንንሾቹ ሳንቲሞች ደግሞ...

ነጭ ሽንኩርት፦ በጥርስ ሳሙና ድገመው፣ ይጠራል።

የሳንቲም ሣጥን፦ እባክህ ከእንግዲህ ምንም አታስነካው! የሳንቲም ደረጃ የሚያወጡት የአሜሪካ ድርጅቶች፣ ኤንጂሲም ሆነ ፒሲጂኤስ፣ ከ1 እስከ 70 ነጥብ ይሰጣሉ፤ የተፈተገ ሳንቲም ግን እውነተኛነቱን መስክረው «ጸድቷል» ይሉና ነጥቡን ይነፍጉታል። ማርትሬዛዎቹን አትላክ፤ ክፍያውና የፖስታው ዋጋ ብሩን ይበላዋል። የምኒልኩን ዓመተ ምሕረት አንብብልኝ፤ ፲፰፻፹፯ ከሆነ ብርቅ ነውና እንነጋገራለን።

የድልድዩ ጎረቤት፦ ፲፰፻፹፱ ይላል። ጠርዙ ላይ የብየዳ ጠባሳ አለ፤ አያቴ አንገቷ ላይ ታንጠለጥለው ነበር።

የሳንቲም ሣጥን፦ እንግዲያው እሱም ነጥብ አያገኝም። እኔ ብሆን እሱን አልሸጥም፤ ይህ የገበያ ምክር አይደለም።

አምስት ኪሎ፦ ሁላችሁም አንድ ነገር ረስታችኋል። ጥንታዊ ነገር ከአገር የሚወጣው በቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ነው። መሥሪያ ቤቱ ብሔራዊ ሙዚየሙ አጠገብ ነው። ገዥውስ እጥፍ የሚከፍለው በምን ላይ ነው? መነሻ ዋጋ ነግሮሃል?

የድልድዩ ጎረቤት፦ አልነገረኝም።

ነጭ ሽንኩርት፦ የጥርስ ሳሙናው ነጭ ይሁን እንጂ፣ ባለ ቀለሙን አይደለም።

ሚዛን፦ እውነተኛው ማርትሬዛ 28 ግራም ከትንሽ ፍርፋሪ ነው፤ ስፋቱም አራት ሴንቲሜትር ገደማ። የወርቅ ቤት ሚዛን ላይ አስቀምጠው፤ ማግኔትም አስጠጋለት፣ ከሳበው ብር አይደለም። ከ28 ግራሙ ንጹሕ ብሩ 23 ተኩል አይሞላም። ያንን በዕለቱ የብር ማዕድን የግራም ዋጋ አባዝተህ ከዚያ በታች አትቀበል።

የድልድዩ ጎረቤት፦ 10፡40 ሆኗል፤ ሚዛን ፍለጋ ወጥቻለሁ።

ሚዛን፦ ስንት ግራም ሆነ?

ጉሊት፦ የድስቱን ነገርም አልመለስክልኝም።